ከአስታ በታች፣ ከዞጲ በላይ

አምባ ጊዮርጊስ የወገራ ደጋ ላይ ናት። ከጎንደር ወደ ደባርቅ የሚሄድ ሁሉ በመካከሏ ያልፋል፤ ብርዷን፣ የገብስ ማሳዋንና የገበያዋን ግርግር አይቶ መንገዱን ይቀጥላል። እኔ ግን ይህችን ከተማ ሳስብ ከበላይዋና ከበታችዋ የሚበቅሉት ሁለት እንጨቶች ይመጡብኛል። ወደ ላይ፣ ዳባትንና ደባርቅን አልፎ፣ በሰሜን ተራሮች አስታ አለ። ወደ ታች፣ በምዕራብ በኩል የአርማጭሆን ቁልቁለት ወርዶ፣ በመተማና በሁመራ ቆላ ዞጲ አለ። አንዱን ውርጭ አጠንክሮታል፣ ሌላውን ሐሩር። ሁለቱም በዓለም ላይ እንጨት እያሽከረከሩ ዕቃ የሚሠሩ ባለሙያዎች ከሁሉ አብልጠው ከሚመኟቸው እንጨቶች ናቸው። በአገራቸው ግን ባብዛኛው ምድጃና ከሰል ይበላቸዋል።

እነዚህን እንጨቶች ከአንድ ትንሽ ዕቃ ጋር አያይዤ ልተርክ። ዕቃው ብልቃጥ ነው፤ ሆዱ የሰፋ፣ አፉ የጠበበ፣ በሁለት ጣት የሚያዝ፣ ኩል ወይም ሽቶ የሚቀመጥበት። ብልቃጥን ከአንድ ወጥ እንጨት ማውጣት ከባድ ሥራ ነው። ውጭውን እጁ የተፍታታ ሁሉ ሊያለሰልሰው ይችላል። ውስጡን ለማውጣት ግን በዚያች ጠባብ አፍ ገብቶ፣ ዓይን ሳያይ፣ ትከሻው ሥር ድረስ መቦርቦር ያስፈልጋል።

የጥንት ግብጾች ይህን ችግር በድንጋይ ላይ ፈትተውት ነበር። ፈርዖኖች ከመንገሣቸው በፊት ጀምሮ ጠንካራ ድንጋይ እየሰረሰሩ፣ በጠባብ አፍ ገብተው ሆዱን እያሰፉ ማሰሮና ብልቃጥ ይሠሩ ነበር። ወደ እንጨት ሲመጡ ከሁሉ ያከበሩት ጥቁሩን ነው። ስሙን “ህብኒ” ይሉት ነበር፤ ቃሉ ወደ ዕብራይስጥና ወደ ግሪክ ተሻገረ፣ ፈረንጆች ዛሬ “ኢቦኒ” የሚሉትም ከዚያው የመጣ ነው። በኋላ ዘመን ስሙ ለሕንድና ለሴሎን ሌላ ዛፍ ተሰጠ እንጂ፣ ከግብፅ መቃብሮች የወጣው ጥቁር እንጨት ሲመረመር ብዙው የዞጲ ዝርያ ሆኖ ተገኝቷል።

ዞጲ ሲያዩት የሚያምር ዛፍ አይደለም። አጭር ነው፣ ይጣመማል፣ እሾህ አለው። ሲቆረጥ ዳሩ ገርጣ ያለ ቢጫ ሆኖ ልቡ ወደ ሐምራዊ የሚያደላ ጥቁር ነው። ክብደቱ ውኃ ላይ አያንሳፍፈውም፤ ይሰጥማል። ለሥራ የሚበቃ ውፍረት እስኪይዝ ሰባና ሰማንያ ዓመት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይፈጅበታል።

ንግሥት ሐትሸፕሱት ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1470 ገደማ መርከቦቿን ወደ ፑንት ምድር ላከች። በዴር ኤል ባህሪ ቤተ መቅደሷ ግድግዳ ላይ የተጫነው ዕቃ ተቀርጾ ይታያል፤ ከነሥሩ የተወሰደ የዕጣን ዛፍ፣ ወርቅ፣ የዝሆን ጥርስ፣ ዝንጀሮ፣ ጥቁር እንጨት። ፑንት የት እንደነበረች ሊቃውንት እስከ ዛሬ ይከራከራሉ፤ ብዙዎቹ ግን ከምሥራቅ ሱዳን እስከ ኤርትራና ሰሜን ኢትዮጵያ፣ ከዚያም እስከ ሶማሌ ጠረፍ ባለው ምድር ውስጥ ይፈልጓታል። ያ እንጨት ግብፅ ሲደርስ ወንበርና ሣጥን ሆነ፣ ኩል መያዣም ሆነ። በ1922 እ.ኤ.አ. የተከፈተው የቱታንካሙን መቃብር ውስጥ ከሦስት ሺህ ዓመት በኋላ ጥቁረቱ ሳይለቅ ተገኝቷል።

የኩል መያዣዎቹ የተሰረሰሩት በደጋን ነው። የደጋኑ ጠፍር በመሰርሰሪያው ላይ ይጠመጠማል፤ ደጋኑ ወዲያና ወዲህ ሲሳብ መሰርሰሪያው ይዞራል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ሁልጊዜ ይገርመኛል። በወገራ የድሮ ቤት ውስጥ ጥጥ የሚነደፍበት ደጋን አለ፤ ፈትሉ የሚሾርበት እንዝርትም አለ። አንዱ የሚስብ፣ ሌላው የሚዞር። ሁለቱ ቢገናኙ እንጨት ማሽከርከሪያ መሣሪያ ይወጣቸዋል። ለዘመናት ግን ጎን ለጎን ተሰቅለው ኖሩ።

የግሪኩ ታሪክ ጸሐፊ ሄሮዶቱስ በአምስተኛው መቶ ዓመት ከክርስቶስ ልደት በፊት ሲጽፍ፣ ከግብፅ በላይ ያሉ ኢትዮጵያውያን ለፋርስ ንጉሥ በየሦስተኛው ዓመት የሚያገቡትን ይዘረዝራል፤ ከወርቁና ከሃያ የዝሆን ጥርሶች ጋር ሁለት መቶ ግንድ ጥቁር እንጨት ነበረበት። ወርቁን ሳይቀር በስፍር ሲቆጥር እንጨቱን በግንድ ቆጠረው። ክብሩ ምን ያህል እንደነበር ከዚህ ይታያል።

የማሽከርከሪያው መሣሪያ ራሱ ሥዕል ሆኖ የተገኘው ዘግይቶ ነው። በመካከለኛው ግብፅ በጴጦሲሪስ መቃብር ግድግዳ ላይ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ300 ገደማ፣ ሁለት ሰዎች ይታያሉ። አንደኛው ጠፍር ይስባል፣ ሁለተኛው መሮውን ደግፎ ይፍቃል። መሣሪያው አንዴ ወደ ፊት አንዴ ወደ ኋላ ስለሚዞር መሮው የሚቆርጠው በአንደኛው ዙር ብቻ ነው፤ በሁለተኛው ሰውየው እጁን መለስ አድርጎ ይጠብቃል። የሥራው ምት ያ ነበር፤ መቁረጥ፣ መጠበቅ፣ መቁረጥ።

በአክሱም ዘመን የሰሜን ተራሮች ራሳቸው በጽሑፍ ብቅ ይላሉ። በስድስተኛው መቶ ዓመት ኮስማስ የተባለ ነጋዴ አዱሊስ ላይ ከድንጋይ ዙፋን የገለበጠው የአንድ ስሙ ያልተጠቀሰ የአክሱም ንጉሥ ጽሑፍ፣ ንጉሡ ወንዝ ተሻግሮ በበረዶ በተሸፈነ አስቸጋሪ ተራራ የሚኖሩትን የሰሜን ሰዎች እንደወጋ ይናገራል፤ በረዶው እስከ ጉልበት ያሰጥም ነበር ይላል። ደባርቅ ላይ በሐምሌ ያደረ ሰው ይህን ሲያነብ ብዙም አይደነቅም። በዚያው ዘመን በአክሱም ከተማ ማሽከርከሪያው ይታወቅ ነበር። አርኪዮሎጂስቱ ኔቪል ቺቲክ በ1974 እ.ኤ.አ. ያገኘውና ዴቪድ ፊሊፕሰን በ1990ዎቹ ቁፋሮውን የቀጠለበት የጡብ ቅስት መቃብር ውስጥ እጅግ የረቀቁ የዝሆን ጥርስ ሥራዎች ወጥተዋል፤ እየተሽከረከሩ የተሠሩም ይገኙባቸዋል። ስለዚህ ጥበቡ ለዚህ ምድር ባዕድ አልነበረም። አክሱም ስትደክምና የአዱሊስ ንግድ ሲጠፋ ግን ከቤተ መንግሥቱ ጋር አብሮ ደበዘዘ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ረጅም ዘመን የደጋው ሰው በመጥረቢያና በመሮ ኖረበት። ገበታውን ከወፍራም ግንድ ጠረበ፣ ቆሪውን ፈለፈለ። ለጠባብ ዕቃ ተፈጥሮ ቀድማ የቦረቦረችለትን ያዘ፤ ቅልና ቀንድ። የጸሐፊው ቀለም በቀንድ ነበር፣ የመኳንንቱ ጠጅም በቀንድ ዋንጫ። ይህን ስል ሥራው አነስተኛ ነበር ማለቴ አይደለም፤ ያለ አንዳች ማሽከርከሪያ የተጠረበ የዋንዛ ገበታ ክቡ እንዴት እንደሚስተካከል ያየ ሰው ይመሰክራል።

ወገራ ላይ የሆነው ግን ለብቻው መነገር አለበት። በ15ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ዐፄ ይስሐቅ ከአምባ ጊዮርጊስ ብዙም በማይርቀው በኮሶጌ አካባቢ ቤተ እስራኤልን ወግተው አሸነፉ። በትውፊት እንደሚነገረው፣ ከዚያ በኋላ ያልተጠመቀ ርስት እንዳይወርስ አዘዙ። መሬት ያጣ ሰው የሚኖረው በእጁ ነው። ብረት መቀጥቀጥ፣ ሸክላ መሥራት፣ ሽመና፣ ግንብና አናጢነት የቤተ እስራኤል መተዳደሪያ ሆነ። ጎንደር በ1628 ዓ.ም. ስትቆረቆርና ፋሲል ግንባቸውን ሲያሠሩ፣ ከዚያ በኋላ የመጡት ነገሥታትም ሲገነቡ፣ ከወገራና ከሰሜን የወጡት እነዚህ እጆች በሥራው ነበሩበት። ንጉሥ ይፈልጋቸዋል፤ ጎረቤት ግን ማታ ጅብ ይሆናሉ ብሎ ይፈራቸዋል። ማረሻውን የሚሠራለትን ሰው “ቡዳ” እያለ ማረሻውን ይወስዳል። ይህን በልጅነቴ ሰምቼዋለሁ፤ ያኔ ጨዋታ ይመስለኝ ነበር፣ አሁን ያሳፍረኛል። እኔ እንደማምነው፣ ማሽከርከሪያ በዚህ ደጋ ሥር ያልሰደደው ደጋንና እንዝርት ጠፍቶ ሳይሆን፣ ሁለቱን አገናኝቶ ልጁን ለማስተማር የሚደፍር ሰው የሚከበርበት አገር ስላልነበረ ነው። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብን በአዋጅ እስከመከልከል መድረሳቸው በሽታው ምን ያህል ሥር እንደሰደደ ያሳያል።

በአውሮፓ ግን በዚያው በ15ኛው መቶ ዓመት ማሽከርከሪያው ተለወጠ። ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ በ1480 እ.ኤ.አ. ገደማ በእግር የሚረገጥና ከባድ መንኮራኩር ያለው ማሽከርከሪያ ነደፈ፤ አሁን እንጨቱ ሳያቋርጥ ወደ አንድ አቅጣጫ ሊዞር ነው። በ1701 እ.ኤ.አ. ሻርል ፕሉሚዬ የተባለ ፈረንሳዊ መነኩሴ ስለ ማሽከርከር ጥበብ የመጀመሪያውን ሙሉ መጽሐፍ በሊዮን አሳተመ። ይህ መነኩሴ የዕፀዋት ሊቅም ነበር፤ ፕሉሜሪያ የምትባለው ሽታዋ የሚያውድ አበባ ስሟን ያገኘችው ከእሱ ነው። የሩሲያው ታላቁ ጴጥሮስ ደግሞ ማሽከርከሪያውን ከቤተ መንግሥቱ አስገብቶ የዝሆን ጥርስና ጠንካራ እንጨት በገዛ እጁ ይፍቅ ነበር። ከማሽከርከሪያው ክፍል አጠገብ ያድር ነበር የሚባለው ጥቁር ልጅ አብራም ሃኒባል፣ የባለቅኔው የፑሽኪን ቅድመ አያት ነው። ቤተሰቡ ሐበሻ ነው ብሎ ያምን ነበር፤ ሌሎች ትውልዱን ወደ ቻድ ሐይቅ ይወስዱታል። ንጉሥ በእጁ ሲሠራ ያ ልጅ አይቷል። እኔን የሚነካኝ ይህ ነው፤ በአንዱ አገር ሠሪው ከመሬት ተነቅሎ ሲፈራ፣ በሌላው አገር ንጉሡ ራሱ ሠሪ ለመሆን ይጓጓ ነበር።

በየካቲት 1762 ዓ.ም. ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ ሊማሊሞን ወጥቶ፣ በደባርቅ አድርጎ፣ ወገራን አቋርጦ ጎንደር ገባ። መንገዱ ዛሬ አውቶቡስ የሚሄድበት ነው ማለት ይቻላል። የወገራን እህል አድንቋል። ስለ አውራሪስ ሲጽፍ ደግሞ መኳንንቱ ከቀንዱ የተሠራ ዋንጫ እንደሚይዙ፣ ይህም መርዝን ይከላከላል ተብሎ ስለሚታመን መሆኑን ይነግረናል። ቀንዱ የሚመጣው ዞጲ ከሚበቅልበት ቆላ ነው። አውራሪሱ ከዚያ ቆላ ጠፋ። ዛፉ ቆየ።

በ1832 እ.ኤ.አ. ጊልማንና ፔሮቴ የተባሉ ሁለት የዕፀዋት ሊቃውንት ዞጲን ከሴኔጋል በተገኘ ናሙና ለሳይንስ መዘገቡት፤ “ዳልበርጂያ ሜላኖክሲሎን” አሉት፣ ሁለተኛው ቃል በግሪክ “ጥቁር እንጨት” ማለት ነው። ለንደን ላይ ሆልትዛፕፈል የሚባለው ቤት ለባለጸጎች እጅግ የረቀቁ ማሽከርከሪያዎች ይሠራ ነበርና፣ ደንበኞቹ ለሥራቸው የአፍሪካን ጥቁር እንጨት መረጡ። ጥርቡ ጥርት ያለ ነው፤ እንደ ብረት ጠርዝ ይይዛል፣ ሳይሰነጠቅ ይረቃል። ክላርኔትና ኦቦ የሚሠሩትም ወደዚሁ እንጨት ዞሩ። ክላርኔት ሲታሰብ ራሱ ረጅም ብልቃጥ ነው፣ ትንፋሽ የሚቀመጥበት። አዲስ አበባ በማዘጋጃ ቤቱ ኦርኬስትራ ሙዚቃ የጀመረው ጌታቸው መኩሪያ ከሳክስፎን ሌላ ክላርኔትም ይነፋ ነበር፤ ጥቁሩ እንጨት በዚያ መንገድ ድምፅ ሆኖ ወደ አገሩ ተመልሷል።

አስታም የራሱ የውጭ ታሪክ አለው። አስታ፣ አንዳንዱ ውጨና የሚለው፣ በሜዲትራኒያን ዳርቻም ይበቅላል፤ ያው አንድ ዝርያ ነው። ግንዱና ሥሩ በሚገናኙበት፣ ከአፈር በታች፣ እንደ ዕጢ ያበጠ ጉብታ ያወጣል። ዛፉ ቢቃጠል እንደገና የሚያቆጠቁጠው ከዚያ ነው፣ እሳትም በቀላሉ አይበላውም። በ19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ በፈረንሳይ ሴን ክሎድ የምትባል ከተማ ጠራቢዎች ይህን ጉብታ ለብዙ ሰዓት እየቀቀሉ፣ ለወራት እያደረቁ፣ በማሽከርከሪያ ቦርቡረው የትምባሆ ፒፓ ያወጡ ጀመር። ከተማይቱ በዚያ ታወቀች። በሰሜን ተራሮች ያው አስታ የእረኛ ማገዶ ነበር።

በዚያው ዘመን ሰሜን ውስጥ አንድ ጀርመናዊ የዕፀዋት ሊቅ ይኖር ነበር። ዊልሄልም ሺምፐር በ1837 እ.ኤ.አ. ወደ አገራችን ገብቶ ዕድሜውን እዚሁ ፈጸመ፤ በሺዎች የሚቆጠሩ የደረቁ ዕፀዋት ወደ አውሮፓ ልኳል። ለሰሜን ገዥ ለደጃዝማች ውቤ የደረስጌ ማርያምን ቤተ ክርስቲያን የሠራላቸው እሱ ነው። በየካቲት 1847 ዓ.ም. ውቤ ደረስጌ ላይ ተሸነፉና በዚያችው ቤተ ክርስቲያን ቴዎድሮስ ዘውድ ጫኑ። ቴዎድሮስ የእጅ ሥራን ጥቅም በሚገባ የተረዱ ንጉሥ ነበሩ። ጋፋት ላይ የውጭ ሠራተኞች ሰብስበው መድፍ አስቀለጡ፤ ከእንግሊዝም ሙያተኞችና ማሽኖች ጠየቁ። በ1866 እ.ኤ.አ. ማሽኖቹ ከሠራተኞቹ ጋር ምጽዋ ደረሱ፣ ከዚያ ግን ወደ ውስጥ አልገቡም፤ በንጉሡና በእንግሊዝ መካከል የነበረው ጠብ ከረረና ወደመጡበት ተመለሱ። እነዚያ የማሽን ሣጥኖች ደጋውን ቢወጡ ኖሮ እያልኩ ብዙ ጊዜ አስባለሁ።

ማሽከርከሪያው በመጨረሻ የመጣው በጠላት ጎማ ነው። ጣሊያን ጎንደርን የግዛት መናገሻ አድርጎ ጋራዥ ከፈተ፤ በአምባ ጊዮርጊስ፣ በዳባትና በደባርቅ አድርጎ በወልቅፊት ገደል የሚወርደውን መንገድ ቀደደ። የወልቅፊት ምሽግ በመስከረም 1934 ዓ.ም. እጁን ሰጠ፣ ጎንደርም በኅዳር። ወታደሩ ሄደ፤ ቃላቱ ቀሩ። ካቻቢቴ፣ ሞርሳ፣ ማሽከርከሪያውም ቶርኖ። ዛሬ በየከተማው ቶርኖ ቤት አለ፤ የሚዞረው ግን ባብዛኛው ብረት ነው። ያረጀ የወፍጮ አካል፣ የመኪና ቡሽ፣ የተበላ ብሎን። ባለ ቶርኖው ሚሊ ሜትርን በአሥር ከፍሎ የሚያይ ዓይን አለው። ዞጲ የሚያመጣለት ደንበኛ ግን እምብዛም የለውም።

ትንሹን ብልቃጥ ዛሬ ወዳለበት ያደረሰው አሜሪካዊው ዴቪድ ኤልስዎርዝ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. የታጠፈ መሣሪያ ሠርቶ፣ በጣት በማይገባ ቀዳዳ ገብቶ፣ ግድግዳው እንደ ዕንቁላል ቅርፊት የሳሳ ክብ ዕቃ ማውጣት ጀመረ። በ1986 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ እንጨት አሽከርካሪዎች ማኅበር ሲመሠረት የመጀመሪያው ሊቀ መንበር ሆነ። ከእሱ በኋላ የመጡት ዕቃውን እያሳነሱት ሄዱ፤ ዋልያ ከሩቅ ሲታይ የሚያክል አደረጉት። መሣሪያቸውን ከሚስማር፣ ከታጠፈ ቁልፍ፣ ከጥርስ ሐኪም መፋቂያ ያበጃሉ። መጀመሪያ ውጭው ይቀረጻል። ከዚያ ጥልቀቱ በቀጭን መሰርሰሪያ ይወሰናል። ቀጥሎ ጫፉ የታጠፈው ብረት ይገባና ከአፍ ጀምሮ ወደ ታች እየወረደ ሆዱን ያሰፋል። ፍቅፋቂው ውስጥ ከታጨቀ ብረቱን ያንቀውና ዕቃው ይፈነዳል፤ ስለዚህ ደጋግሞ በአየር ይነፋል። ነጭ እንጨት ሲሳሳ ብርሃን ያሳልፋል፣ በዚያ ውፍረቱ ይገመታል። ዞጲ ግን ብርሃን አያሳልፍም። ሠሪው የሚያዳምጠው ድምፁን ነው፤ ግድግዳው እየሳሳ ሲሄድ የፍቀቱ ድምፅ እየቀጠነ ይመጣል። ብናኙ ቆዳና ሳንባ ስለሚያስቆጣ ፊቱን ይሸፍናል። ሲጨርስ ቀለም አያስፈልገውም፤ በጨርቅና በጥቂት ሰም ሲታሽ እንደ መስተዋት ያበራል።

ይህ ጥበብ በውጭ በሚያብብባቸው ዓመታት ወገራ እጆቿን አጣች። በ1977 ዓ.ም. በሱዳን በኩል በሙሴ ዘመቻ፣ በግንቦት 1983 ዓ.ም. በሰሎሞን ዘመቻ ቤተ እስራኤል ወደ እስራኤል ሄዱ፤ በሁለተኛው ከ14 ሺህ በላይ ሰው በ36 ሰዓት ተጓጓዘ። የናፈቁት ጉዞ ነበር፣ ደስ ሊለን ይገባል። ነገር ግን ከ500 ዓመት በላይ በደጋው የኖረው የእሳትና የመሮ ዕውቀት አብሯቸው ሄደ። ያን ዕውቀት በክብር ይዘን ለማቆየት ብዙ ዘመን ነበረን።

በቆላውም ነገሩ ተፋጠነ። መተማና ሁመራ የሰሊጥ አገር ሆኑ፤ እርሻው ሲሰፋ ዞጲው ይመነጠራል፣ ልቡ ከባድ ስለሆነም ለከሰል ይመረጣል። በ2009 ዓ.ም. ሁለት ነገር ሆነ። በታኅሣሥ ወር የዳልበርጂያ ዝርያ ሁሉ በዱር እንስሳትና ዕፀዋት ዓለም አቀፍ የንግድ ስምምነት ቁጥጥር ሥር ገባ፤ ለንግድ ያለ ፈቃድ ድንበር አያልፍም ተባለ። በዚያው ዓመት ክረምት ደግሞ ከ1996 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዓለም ቅርስ የአደጋ መዝገብ ላይ የነበረው የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ከመዝገቡ ወጣ። ለዚህ ከተከፈለው ዋጋ አንዱ በፓርኩ ውስጥ የነበረችው የግጭ መንደር ነዋሪዎች ቀያቸውን ለቀው ደባርቅ መስፈራቸው ነው። አስታው በፓርኩ ውስጥ ጥበቃ አገኘ። ዞጲው ቆላ ላይ ጥበቃው በወረቀት ነው።

ተስፋዬን በቁርጥራጭ እንጨት ላይ የጣልኩት በዚህ ምክንያት ነው። ለአንድ ትንሽ ብልቃጥ የሚያስፈልገው ክብ እንጨት ሦስት ሳንቲ ሜትር ስፋት፣ አምስት ሳንቲ ሜትር ርዝመት ነው። ዞጲ ከሆነ 44 ግራም ገደማ ይመዝናል፤ ለከሰል ከተጣለ ቅርንጫፍ፣ ከተሰበረ የመጥረቢያ እጀታ ይገኛል። ዛፍ መቁረጥ አያስፈልግም። ጎንደር ያለው ቶርኖ ቤት ብረቱን ለግማሽ ሰዓት ቢያሳርፍና አንድ ሚስማር አጥፎ ቢስል፣ ደባርቅ ላይ ዋልያና ጭላዳ ሊያይ ለሚመጣ እንግዳ የሚሰጥ ነገር ይወጣዋል። ግድግዳው አንድ ሚሊ ሜትር ተኩል ሆኖ ሲያልቅ ብልቃጡ አምስት ግራም ገደማ ይቀረዋል። ቀሪው ጥቁር ፍቅፋቂ ሆኖ ከቶርኖው ሥር፣ ከብረቱ ፍቅፋቂ ጋር ተቀላቅሎ ይወድቃል።